ለማሽኑ አንድ ሰው ይበቃዋል

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ዕድሜዬን ከፈጀሁበት መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ወረፋ ይዤ ቆምኩ። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአንዲት ነርስና ለአንድ ጎማ ጠጋኝ ስላከራየሁ፣ እንደማንኛውም አከራይ የኪራይ ገቢዬን ላሳውቅ ነው የመጣሁት። ከፊቴ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን ከዓመታት በፊት የመዘገብኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። አንደኛው ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝና፣ «አንቺም እንደኛ ሆንሽ?» ብለው ሳቁ።

ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ስሜ ጠፍቶኝ አይደለም። ያንን ጥያቄ ከወዲያ በኩል ሆኜ ስደጋግመው ስለኖርኩ፣ አፌ ላይ የነበረው ጥያቄው እንጂ መልሱ አልነበረም።

«እናቴ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ ይንገሩኝ እንጂ።»

«ስንዱ» አልኳት። የአባቴንና የአያቴንም ስም ነገርኳት። እኔ አንድ ፊደል ስፈልግ በምቆይበት ጊዜ እሷ ሁሉንም ጨረሰችው። ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ «ለከርሞ እዚህ ድረስ መልፋት የለም፤ ከቤትዎ ሆነው በስልክ ይሞሉታል እየተባለ ነው» አለችኝ። መርቄያት ወጣሁ።

ቀትር ሆኖ ነበር። የራያ ቆላ ቀትር ሰው በቁሙ የሚያልምበት ሰዓት ነው። አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ ይመስላል። ከሮቢት በኩል የሚመጣው አውቶቡስ መጀመሪያ ጣሪያው ብቻ ተንሳፎ ይታያል፤ ከዚያ መስኮቱ ይከተላል፤ ጎማው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የማሽላው ማሳ ነፋስ በነካው ቁጥር ያንሾካሹካል። የዞብል ተራራ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። በዚያ ሰዓት ያለፈውና ያለው አይለዩልኝም። ከሞቱ ዓመታት ያለፏቸው ነጋዴዎች የሱቃቸው በር ላይ ቆመው ሰላም የሚሉኝ ይመስለኛል፤ እኔም በልቤ እጅ እነሣለሁ። ያን ቀንም እንዲሁ ቀስ እያልኩ ስራመድ የሥራ ዘመኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮኝ ይራመድ ጀመር።

ሥራ የጀመርኩት በሰማንያዎቹ ውስጥ፣ እዚሁ ቆቦ፣ በመዝገብ ቤት ነው። ክፍሉ አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረችው፤ በእሷ በኩል የሚገባው ብርሃን አቧራውን ወርቅ ያስመስለው ነበር። የከተማው ግብር ከፋይ ሁሉ በሲባጎ ታስሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንዱን ሰው ሦስት ቦታ አገኘዋለሁ፦ አንድ ጊዜ በንጉሡ ሠ «ሠይድ»፣ አንድ ጊዜ በእሳቱ ሰ «ሰይድ»፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አባቱ ተረስቶ «ሰይድ ወፍጮ ቤቱ»። መዝገቡን ሳስተካክል የማላውቃቸው ሰዎች ፊት ይታየኝ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን እዚህ ላይ አንስቼ አላስቸግርም።

ከመዝገብ ቤት አውጥተው ከጋሽ ደሳለኝ ጋር አጣመሩኝ። ጋሽ ደሳለኝ ግብር ገማች ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ጃንጥላ ለፀሐይም ለዝናብም የሚይዙ ሰው ናቸው። በኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ፣ በትከሻቸው የውሃ ኮዳ አይጠፋም። ከሚገምቱት ሰው ቤት ውሃ እንኳ አይጠጡም። «ውሃውን ከጠጣሁ ዓይኔ ይርሳል፤ የራሰ ዓይን ደግሞ አይቆጥርም» ይሉኝ ነበር።

አከራይ ቤት ስንሄድ ቶሎ ጥያቄ አያነሱም። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አረፍ ይላሉ። እኔ ወጣት ነበርኩና ክፍል ልቆጥር እቸኩላለሁ።

«ክፍል አትቁጠሪ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ክፍል እህልም ሊቀመጥበት፣ ፍየልም ሊያድርበት ይችላል። ጀሪካኑን እይ።»

አየሁ። የቧንቧው አጠገብ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር፣ የአንዱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ፣ የሌላው ላይ ሽቦ ታስሯል።

«ቤተሰብ ጀሪካኑን ምልክት አያደርግበትም። ምልክት የሚያደርገው ተከራይ ነው። ስንት ምልክት አለ?»

«አራት።»

«እንግዲህ አራት ተከራይ አለ። አሁን ደጃፎቹን እይ፤ የቱ ነው በመረገጥ ይበልጥ የተላሰው? እዚያ የሚኖረው ቆይቷል፤ የድሮ ኪራይ ነው የሚከፍል። አዲሱ ነው የሚወደድበት።»

እንዲህ እያሉ ልብስ ማድረቂያውን ገመድ፣ የበር ቁልፉን ዓይነት፣ የከሰል ምድጃውን ብዛት ማንበብ አስተማሩኝ። ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ ደብተራቸውን ይዘጉና፣ ለባለቤቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቀርባሉ፦ «ሌላ ማን አለ?» ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ረጅም ነው። ዶሮ ሲጭር እስኪሰማ ድረስ ዝም ይላሉ።

ሮቢት ላይ የሆነውን አልረሳውም። አንድ ሱቅና ሦስት የሚከራይ ክፍል ያለው ሰው ቤት ሄድን። ሰውየው ገና ስንገባ ጀምሮ ይምላል። ሁለቱን ክፍል የዘመድ ነው አለ፤ ጀሪካኑ ግን መሰከረበት። እኔ በልቤ ይህን ውሸታም እያልኩ ግምቱን ከፍ አድርጌ ጻፍኩ። ጋሽ ደሳለኝ ደብተራቸውን ዘግተው፣ «ሌላ ማን አለ?» አሉት።

ሰውየው «ማንም የለ» አለ። እሳቸው ዝም። ቆየና ድምፁ ወረደ። «ጓዳ ውስጥ ሚስቴ አለች። ከተኛች ሁለት ዓመቷ ነው። ደሴ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፣ እመልሳታለሁ። የሱቁ ዕቃ ለዚያው እያለቀ ነው።»

ጋሽ ደሳለኝ ጃንጥላቸውን አስቀምጠው ገብተው አዩዋት። ሲወጡ ሱቁ የያዘውን ዕቃ እንደገና አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። መደርደሪያው ፊት ለፊቱ ብቻ ነበር ሙሉ፤ ከኋላ ባዶ ካርቶን ነው። የጻፍኩትን ሰረዝኩ። መንገድ ላይ፣ «አየሽ ስንዱ፣ ያ ጥያቄ የተደበቀ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ የተደበቀ ሰውም ያወጣል» አሉኝ። የማሽላው ማሳ በግራና በቀኝ ቆሞ ነበር፤ እሳቸው ከፊት ከፊት በጃንጥላቸው ጥላ ውስጥ ይሄዳሉ። አሁንም በሕልሜ የማያቸው እንዲሁ ከጀርባቸው ነው።

ጋሽ ደሳለኝ ጡረታ ወጥተው ደሴ ልጃቸው ጋ ገቡ። እኔ ሮቢት ሁለት ዓመት፣ ጎብዬ አንድ ዓመት ተኩል ሠርቼ ቆቦ ተመለስኩ፤ የአከራዮች መዝገብም በእጄ ገባ። ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ።

መጀመሪያ የመጣው ወሬው ነው። እያንዳንዱ ነጋዴና አከራይ በጣት አሻራና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ገቢው ሁሉ በዚያ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል ተባለ። እኔ ሰውን እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ለወራት ቤት ለቤት ዞርኩ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የኪራይ ውል፣ የተከራዮቹ ስም የተጻፈበት ደብተር ያዘጋጁ እላለሁ። ብዙዎቹ አከራዮች ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ለእነሱ ደብተሩን በክፍል ከፋፍዬ፣ ተከራይ በከፈለ ቁጥር ራሱ ተከራዩ እንዲፈርም አስለመድኳቸው። አንዳንዶቹ ፈሩ፤ «አሻራችንን ወስዳችሁ ምን ልታደርጉት ነው?» ይሉኛል። አንድ አዛውንት ደግሞ ፎቶግራፍ ስለሚነሱ ብለው ጥርስ አስተከሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ያ አቧራማ ክፍል ተጠርጎ፣ ሦስት ቦታ የተበተነው ሰው አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ይታየኝ ነበር።

በዚያ ዙር ነው እማማ ፋጡማንና እማማ ለተብርሃንን በደንብ ያወቅኋቸው።

ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። እማማ ፋጡማ የቆቦ ሰው፣ እማማ ለተብርሃን ከዋጃ የመጡ ናቸው። በወጣትነታቸው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በርበሬ ይሸጡ ነበር። አንዷ ለሶላት ስትነሣ ሌላዋ መደቧን ትጠብቃለች፤ አንዷ ለፍልሰታ ስትጾም ሌላዋ ፊቷ አትበላም። ዕቁባቸውን አንድ ላይ ጥለው፣ አንድ ላይ አውጥተው፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው በስተጀርባ ቦታ ገዙ። ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው ስድስት ክፍል አቆሙ። ቦታውን የገዙበትን ወረቀት ሆርማት ወንዝ ሞልቶ ከተማ የገባ ጊዜ ጎርፍ ወሰደው። ማንም ግን ጠይቋቸው አያውቅም። በእኛ የድሮ ፋይል ላይ «የእነ ፋጡማ ግቢ» ይላል። ግብሩን አንድ ዓመት አንዷ፣ አንድ ዓመት ሌላዋ መጥታ ትከፍላለች።

ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ነበር። ቀትር ላይ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ወሬ እየጨረሰች ሲያወሩ ስሰማ፣ የትኛዋ እንደጀመረችው ይጠፋኝ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ቁርቁራው ይረግፋል። እማማ ለተብርሃን ከመሬት ለቅመው፣ «እንኪ ጓለይ» ይሉኛል፤ በእሳቸው አገር ልጄ ማለት ነው። የጋሽ ደሳለኝን ትእዛዝ ረስቼ እበላለሁ።

የምዝገባው ቡድን ከወልድያ ሲመጣ፣ ለቆቦ የተሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ጄኔሬተር ተነሣ። ሙቀቱ ሰውም ማሽንም አቃጠለ። ማሽኑ ሲግል ይቆማል፤ እርጥብ ጨርቅ እናለብሰዋለን። የገበሬና የበርበሬ ነጋዴ ጣት አይነበብለትም፤ በሎሚ አሽተን፣ ጠርገን፣ እንደገና እናስጫናለን። ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገባው፤ በአማርኛ ሐመሩን ከሃሌታው ለይቼ ስጠብቅ የኖርኩት ሁሉ እዚያ ፈሰሰ። ኃላፊያችን ከበሩ ሆኖ፣ «ቶሎ፣ ቶሎ! ነገ ማሽኑ ይሄዳል!» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ እማማዎች ተራቸው ደረሰ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ነክተው፣ አብረው ቀረቡ። ከኋላቸው ወረፋው ከአዳራሹ ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ ነበር።

«የማን ቤት ነው?» አልኳቸው፣ እንደማላውቅ ሰው።

«የእኛ» አሉ ሁለቱም።

መዝጋቢው ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ቤት፣ አንድ ስም ነው» አለኝ።

«አንዳችሁ ተመዝገቡ» አልኳቸው።

ተያዩ። እማማ ፋጡማ፣ «ለተብርሃን ትሁን፤ የእሷ ፊት ለፎቶ ያምራል» አሉ። እማማ ለተብርሃን ሳቁና ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ። አልተነበበም። ሎሚ አመጣን፤ አልተነበበም። ሌላ ጣት ሞከርን። ኃላፊው ጮኸ። የእማማ ፋጡማ ጣት በመጀመሪያው ተነበበ።

«በቃ፣ እርስዎ ይሁኑ» አልኩ። ፎቶግራፍ ተነሡ። ስድስቱም ክፍል በስማቸው ገባ።

እማማ ለተብርሃን ሎሚ የነካ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ትንሽ ቆሙ። «እኔስ ጓለይ፣ የት ነኝ?» አሉኝ።

አሁን ሳስበው ያ ጥያቄ ለብቻው በጸጥታ ውስጥ ይሰማኛል፤ ጄኔሬተሩም፣ የኃላፊው ጩኸትም የለም። ያን ጊዜ ግን ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

«የአንቱ ስም አያስፈልግም፤ ለማሽኑ አንድ ሰው ይበቃዋል» አልኳቸው። ከዚያም፣ «ቀጥሎ!» አልኩ።

ሌላ ማን አለ ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር፤ ፊቴ ቆመው ነበር።

ዓመታት አለፉ። የድሮውን ፋይል ወደ አንድ ጓዳ አጋዝነው፣ ምስጥ በላው። እማማ ፋጡማ በየዓመቱ ገቢያቸውን ለማሳወቅ ሲመጡ እማማ ለተብርሃንም አብረዋቸው ይመጣሉ፤ አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አላነሡም። በአንድ የረመዳን ወር እማማ ፋጡማ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። እማማ ለተብርሃን ከሴቶቹ መሃል ሳያለቅሱ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው መንገዱን እያዩ ተቀምጠው ነበር።

በሚቀጥለው የግብር ወቅት አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቀረበ። ሰይድ ይባላል፤ የእማማ ፋጡማ የወንድም ልጅ፣ ወልድያ አናጺ ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዟል። ማስረጃው የተሰጠው እኛ ባተምንለት መረጃ ነው፤ ስድስት ክፍል፣ አንድ ስም። ትሑት ሰው ነበር። ቅጹን ሞልቶ ሰጠኝ። የተከራዮችን ዝርዝር ሳነብ አምስተኛው ተራ ላይ የአንድ ሾፌር ስም አለ። ስድስተኛው ላይ፣ «ለተብርሃን» ይላል፤ አጠገቡ «ለቃለች» ተብሎ ተጽፏል።

ጣቴን ስሙ ላይ አደረግሁ። «ይህቺ ማን ናት?» አልኩት።

«አክስቴ ጋ በነጻ ትኖር የነበረች ሴትዮ ናት አሉኝ። ወላሂ አላባረርኳትም፤ ትንሽ ኪራይ ብትከፍል ብዬ ነው። አንድ ወር ከፈለች፤ ከዚያ ዕቃዋን ይዛ ሄደች።»

በራሳቸው እግር ረግጠው የሠሩትን ቤት አንድ ወር ተከራይተውት ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ጎብዬ ሄድኩ። እማማ ለተብርሃን እዚያ ምግብ ቤት ያላት የእህታቸው ልጅ ጋ እንደገቡ ጎረቤቶቻቸው ነግረውኝ ነበር። ከኋላ በኩል ባለው ዳስ ውስጥ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሲያዩኝ ተነሥተው ሳሙኝ።

«ምነው አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምን ልበልሽ? ኮምፒውተሩ የፋጡማ ነው አለ አሉኝ። ልጁም አልዋሸም፤ ወረቀቱን አሳየኝ።»

«እኔ ጋ ቢመጡ ኖሮ...»

«አንቺማ ነግረሽኝ ነበር፣ ጓለይ። የአንቱ ስም አያስፈልግም ብለሽኝ ነበር እኮ።» ቂም የለበትም አነጋገራቸው፤ እንደ ተራ ወሬ ነው ያሉት። «አንቺ ምን ታደርጊ፤ ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እሳቸው በሽንኩርቱ አመካኙልኝ፤ «የጎብዬ ሽንኩርት ዓይን ያጠፋል» ብለው ውሃ አቀበሉኝ።

ለኃላፊው ነገርኩት። በሩን ዘጋ። «አንቺ ልትታረጂ ነው እንዴ? መረጃው በትክክል የገባ ነው። ቤቱ የማን ነው የሚለው የእኛ ጉዳይ አይደለም። ተሳስቻለሁ ብለሽ ብትፈርሚ ነገ በአንቺ ላይ ነው የሚዞረው፤ ጡረታሽ ቀርቧል» አለኝ። ከክፋት አልነበረም፤ ፈርቶልኝ ነው። እኔም ፈራሁ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ይረዝሙብኛል። በየቀትሩ ወደ ቤቴ ስሄድ በዚያ ግቢ በኩል አላልፍም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። ሼህ እንድሪስን፣ አንድ ቄስንና አንድ ጡረተኛ መምህርን ለመንኩ። ሰይድን አስጠሩት፤ እማማ ለተብርሃንንም ከጎብዬ አመጣኋቸው። የተቀመጥነው እዚያው ግቢ፣ ቁርቁራው ሥር ነው። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ አሜን አሉ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ወረፋውን፣ ሎሚውን፣ «ለማሽኑ አንድ ሰው ይበቃዋል» ያልኩትን ሳይቀር። ስጨርስ ሰይድ አንድ ቅጠል ከመሬት አንሥቶ፣ «ታዲያ ይህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ውሸት ነው?» አለኝ።

«ውሸት አይደለም» አልኩት። «ግማሽ ነው። ግማሹን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ይህን በፊርማሽ ታረጋግጫለሽ?» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«አዎ።»

«ሥራሽ ቢጎዳስ?»

«ይጎዳ።»

ሰይድ ያነሣውን ቅጠል ጣለ። ከዚያ ወደ እማማ ለተብርሃን ዞረ። «አክስቴ ምን ትልዎ ነበር?» አላቸው።

«ማን፣ ፋጡማ?» አሉ እማማ ለተብርሃን። ትንሽ አሰቡ። «ስትቆጣኝ ለተብርሃን፤ ስትደሰት ደግሞ እህቴ።»

ልጁ ፊቱን አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከኪሱ የከፈሉትን የአንድ ወር ኪራይ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። «አላወቅሁም፣ እማማ። አውፍ ይበሉኝ» አላቸው። ሦስት ሦስት ክፍል ተካፈሉ። የእርቁ ወረቀት ፍርድ ቤት ጸደቀ።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የዚያ ዓመት እድገትም ቀረብኝ። አልተከራከርኩም። ሊታረም የማይችል ነገርም ነበር። እማማ ለተብርሃን ከሐዘናቸው ጀምሮ ጎብዬ ያሳለፉትን ጊዜ፣ ሰው ቤት ጥግ ላይ የተኙባቸውን ወራት ማንም አይመልስላቸውም። ጤናቸውም እንደ ድሮው አልሆነም።

ስማቸው በኮምፒውተሩ የገባ ቀን ግማሽ ቀን ፈጀብን። አሥሩንም ጣት ሞከርን። መስመሩን በርበሬና ጭቃ አብሶታል። በመጨረሻ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ተነበበች። ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፌ ስሰጣቸው ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባለው የመጨረሻ ወቅት፣ በአንድ ቀትር ላይ፣ አዳራሹ ባዶ በሆነበት ሰዓት ብቻቸውን መጡ። ውጭ ነፋሱ አቧራ እያሽከረከረ ነበር። ወንበር አቀረብኩላቸው። ቅጹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩ።

«በዚህ ዓመት ስንት ክፍል አከራዩ፣ እማማ?»

«ስድስት።»

«የአንቱ ሦስት ነው። ሌላውን ሰይድ ከወልድያ መጥቶ አሳውቋል።»

«እሱን አውቃለሁ። በየወሩ እየመጣ እኔ ጋ ነው ምሳ የሚበላው።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ሦስቱ የእኔ ነው፣ ሦስቱ የፋጡማ ነው። ሁለታችንም መጥተናል፤ ጻፊ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ደኅና ነው፤ አልቃዡም። ማሽኑ የሚቀበለው ሦስት ብቻ ነበር። ሦስት ጻፍኩ።

«ጻፍሽ?»

«ጽፌአለሁ፣ እማማ።»

«ተባረኪ።»

ደረሰኛቸውን ቋጥረው፣ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ወደ በሩ ሲሄዱ በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ ውጭ ያለው ብርሃን ዓይን ይወጋል። ደፉ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፣ ሰው እንደሚያስቀድሙ። ቆም ብለው ጠበቁ። ከዚያ ተከትለው ወጡ።